ሰባት ብዬ የቆጠርኩ ቀን

ሰባት ዓመቴ ላይ አራት የጭልፊት ጫጩቶች በዓይኔ በልቼ ገድያለሁ። ቢያንስ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም።

ጭልፊት ማርቢያው ተራራው ሥር ነበር፤ ከከተማው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ አውቶቡሱ ከመጣ ማለቴ ነው። የጋራ እርሻው ፈርሶ፣ መብራቱ ደስ ባለው ሰዓት እየሄደ ደስ ባለው ሰዓት እየመጣ፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ከተማ በሚነጉድበት ዘመን እኛ እዚያው ቀረን። አባቴ ኦራዝ እንቁላሎቹን የሚያስፈለፍል፣ ጫጩቶቹን የሚያሳድግ ሰው ነበር። የምንኖርበት ቤት የሥራው ቤት ነው፤ አልጋዬ ከተጠጋበት ግድግዳ ማዶ የጫጩቶቹ ክፍል ነበር። እናቴን አላስታውሳትም። ትታልኝ የሞተችው ዓይኗን ብቻ ነው ይላሉ፤ ውሃ ውሃ የሚል አረንጓዴ ዓይን። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ኡልቱጋን ናት፤ ይህን ዓይኔን ደግሞ እሷ አትወደውም ነበር።

«ካምሻት፣ በዚህ ዓይንሽ የሰው ልጅ እንዳታዪብኝ» ትለኛለች አራስ ጥየቃ ይዛኝ ስትሄድ። «አንቺ ያየሽው ወተት እንኳን ይበጠሳል።»

እየሳቀች ነው የምትለው። እኔ ሳቋን ትቼ ነገሩን ያዝኩ።

እኛ ዘንድ ታዳጊ ነገር አይቆጠርም፣ አይደነቅም። ቆንጆ ሕፃን ያየ ሰው «ውይ፣ እንዴት ያስጠላል!» ብሎ እትፍ እትፍ ይላል፤ ግንባሩ ላይ ጥላሸት ይቀባለታል፤ አራስ ልጅ አርባ ቀን ሳይሞላው ለመጣ ለሄደው ሁሉ አይታይም። በጎቻችንን እንኳን «አሉ፣ አይጠፉም» ነው የምንለው እንጂ ይህን ያህል ናቸው አንልም። ይህን ሁሉ ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። ስለዚህ ያጠፋሁት ሳላውቅ አይደለም፣ እያወቅኩ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

በዚያ ጸደይ መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ዘጠኝ እንቁላል ነበር። አባቴ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርድና እያንዳንዱን እንቁላል አምፖል ላይ ይይዘዋል፤ ውስጡ ቀልቶ ይታያል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር እንቁላሎቹን በፎጣ ጠቅልሎ ከሙቅ ውሃ ጠርሙስ ጋር ያቅፋቸዋል። እንደዚያ ታቅፎ ሲቀመጥ አክስቴ «ይኸው ወንድሜ ዶሮ ሆነልኝ» እያለች ትስቅበታለች። እሱ አይስቅም። እንቁላሎቹን ይመዝናል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ይመዝናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ከቅርፊቱ ውስጥ ጭጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«እያወራ ነው!» አልኩ።

«አውጡኝ፣ ጠበበኝ እያለ ነው» አለ አባቴ።

ቅርፊቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ስንጥቅ ወጣች። ከዚያ ምንም የለም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው ቀን ተጋመሰ፣ ስንጥቋ ያው ናት። እኔ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

«አባዬ፣ ታፈነ እኮ! ትንሽ በጥፍርህ ብትከፍትለት ምናለ?»

«ከረዳሁት ይሞታል። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ደም ገና መጥጦ አልጨረሰም። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው ሥራው።»

የግቢው ኃላፊ ባይሴይት አጋ (አጋ እኛ ዘንድ ጋሼ እንደ ማለት ነው) በየሁለት ሰዓቱ ብቅ እያሉ «እህ?» ይላሉ፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሳቸው ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ጫጩት ካልተፈለፈለ ግቢው እንደሚዘጋ ሁሉም ሰው ያወራ ነበር። ከዘጠኙ ሰባቱ ወጡ። እርጥብ፣ ዕውር፣ ራሳቸውን መሸከም ያቃታቸው፤ ሲደርቁ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጡ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ጫጩቶቹ አድገው ወደ ዱር የሚለቀቁ ስለሆኑ የሰው ፊት ማየት፣ የሰው ድምፅ መስማት የለባቸውም፤ ሰውን እናቴ ብለው ከያዙ ዱር ውስጥ አይኖሩም። አባቴ ብቻ ነበር የሚገባው፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ የተከተፈ የድርጭት ሥጋ በወረንጦ ይዞ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳምጣቸው ነበር። ምግብ ሲመጣ የሚጮኹትን ጩኸት ለይቼ አውቀዋለሁ። መጨረሻ የተፈለፈለችው የትንሿ ጫጩት ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ የሚቀጥል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴና አክስቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ትንሿ ዛሬም ክብደት አልጨመረችም» አለ።

«አባታችን ቢኖር ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለህ።»

«ኡልቱጋን፣ ተይኝ።»

«ምን አልኩ? ትኩስ ደረት ነው ጉልበት የሚሆናት። ከበረዶ ቤት የወጣ ድርጭት ምን ደም አለው? አባታችን ስንቱን አዳኝ ጭልፊት አሳደገ!»

አያቴ በጭልፊት የሚያድን ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ ጓንቱ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር። የማን ደረት እንደሆነ ግን አልገባኝም። አልጠየቅኩምም፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ጣልቃ አይገባም።

በማግስቱ አባቴ ጆንያ ይዞ ወደ ፈረሰው የእህል ጎተራ ወሰደኝ። ጣሪያው ሥር እርግብ ይርመሰመሳል። በመሰላል ወጥቶ አምስት ያዘ፤ ጆንያውን አፉን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ሲንፈራገጡ ሙቀታቸው በጨርቁ በኩል እጄን ሞቀኝ።

«ለአክስትሽ ሾርባ ነው፣ ደረቷን እያመማት» አለኝ። «ለባይሴይት አጋ ግን እንዳትነግሪ። ግቢያቸው ውስጥ እርግብ እንዲገባ አይወዱም።»

«ለምን?»

«ቆሻሻ ናቸው ይላሉ።»

ሾርባው ግን አልመጣም። ማታም አልመጣም፣ በማግስቱም። ድንቹን በቅቤ በላን። እኔም ሾርባውን ወዲያው ረሳሁት፤ ልጅ አይደለሁ!

ከሦስት ቀን በኋላ አባቴ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አየሁት። የኔ ነገር፣ እግሬ ራሱ ነው ያስገባኝ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ የሥጋና የላባ ሽታ ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተደጋግፈው ተኝተዋል። ጠጋ አልኩ። ጉሮሮዬ ከሰሞኑ ጉንፋን ገና አልዳነም ነበር፣ ስተነፍስ ይፏጫል። ጣቴን ቀስሬ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

«ሰባት! እንዴት ያምራሉ!»

ትንሿ ዓይኗን ከፈተች። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ዓይን። ጎንበስ ብዬ ምንቃሯን ሳምኩት። እትፍ እትፍ ማለቱን ያስታወስኩት አልጋዬ ላይ ተመልሼ ከተጋደምኩ በኋላ ነው።

ከገባሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት በግድግዳው በኩል የሚሰማው ጩኸት ቀነሰ። መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። አባቴ ወጥቶ አዮዲንና ጥጥ ይዞ ተመለሰ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ የአንዷን አፍ በአውራ ጣቱ ከፍቶ ከምላሷ ላይ እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ይፍቃል። ጫጩቷ ሥጋውን ትወስዳለች፣ ራሷን ትወዘውዛለች፣ መልሳ ትተፋዋለች። ሽታው እስከ እኛ ቤት መጣ። በማግስቱ ትንሿ ሞተች። በሚቀጥለው ቀን ሁለት አብረው ሞቱ።

መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔን አየዋለሁ፣ ያው አረንጓዴ ነው። አክስቴ ከምድጃው ሥር ጥላሸት አውጥታ የጫጩቶቹን ሳጥን አራቱንም ማዕዘን ቀባችው። «የሰው ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለች፤ ስትለው ግን እኔን አላየችኝም፣ አባቴን ነው ያየችው። እኔ ግን እኔን ማለቷ መሰለኝ፤ ፊቷን ያዞረችው እንዳላፍር ብላ ነው አልኩ።

አክስቴ አሁን በሕይወት የለችም። ያን ጊዜ ወንድሟን ለምን እንደዚያ እንዳየችው የሚነግረኝ አጣሁ፣ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

አራተኛው የሞተ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ባይሴይት አጋ ነገ ይመጣሉ» አለ አባቴ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«አንድ ከተጨመረ ዕቃችንን እንጭናለን። ይህ ቤት የሥራው ቤት ነው። በዚህ ዘመን ማን ሥራ ይሰጥሃል?»

«አውቃለሁ።»

«ይህችን ልጅ ይዘን የት እንገባለን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

አባቴ በአክስቴ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ክው አልኩ። አንድ ዕይታ አራት ነፍስ ከበላ፣ አሁን ደግሞ ቤታችንን ሊበላ ነው አልኩ በልቤ። ያን ሌሊት ዓይኔን በመሀረብ አስሬ ተኛሁ፣ የቀሩትን ሦስቱን በግድግዳው በኩል እንዳልጎዳቸው።

ባይሴይት አጋ ጠዋት መጡ። ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። አክስቴ ሻይ በወተት ቀዳችላቸው፣ አልጠጡትም። የሞቱትን አራቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ከምድጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ኦራዝ፣ ምን ነበር የምታበላቸው?»

«ድርጭት ነው፣ አጋ። ከእኛው ከበረዶ ቤት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እርግብ አላበላህም?»

«እርግብ? እርግብ ከየት መጥቶ!» አለ አባቴ።

ያኔ ጆንያውን ማስታወስ ነበረብኝ። ጆንያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የእርግቦቹ ሙቀት ገና ከመዳፌ አልጠፋም። ግን እነዚያ እርግቦች በእኔ ሐሳብ ሾርባ ነበሩ፤ ሾርባና ጫጩት ምን ያገናኘዋል? እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በእኔ ጥፋት ሊባረር መሆኑን። ከምድጃው ጀርባ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ባይሴይት አጋ ዞር አሉ። «ምን አልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ገባሁ። ሰባት ብዬ ቆጠርኳቸው። ያምራሉ አልኩ። ትንሿን ደግሞ ምንቃሯን ሳምኳት።» እንባዬና ንፍጤ ተደባልቆ ይወርዳል። «አባዬ አይደለም። አባዬን አታባርሩት።»

አክስቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እንደቆመች ቀረች። አባቴ ወለሉን ያያል። እሳቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። ከዚያ አባቴ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ሳያነሳ ተናገረ።

«ያን ሰሞን ጉሮሮዋ ቆስሎ ነበር፣ አጋ።»

ልቤ በፍቅር ነው የሞላው። አያችሁ? የመሰለኝ እንደዚያ ነው። አባቴ ዓይኗ ነው እንዳይሉብኝ፣ ቡዳ ናት እንዳይሉኝ ነገሩን ወደ ጉንፋን አዞረልኝ፤ በሰው ፊት ተከላከለልኝ ብዬ። ሮጬ ሄጄ እግሩን አቀፍኩት። እሱም እጁን ራሴ ላይ ጫነ፤ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ባይሴይት አጋ በረጅሙ ተነፈሱ። የተማሩ ሰው ነበሩ፣ ምናልባት ነገሩ አልተዋጠላቸው ይሆናል። ግን ለበላይ የሚጽፉት አንድ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፣ ይኸው አገኙ። «እንግዲህ ልጅ ናት፣ ምን ይደረጋል» አሉ። «በሩ ላይ ቁልፍ አድርግ፣ ኦራዝ። በሩን ክፍት መተውህን እጽፈዋለሁ።» ከኪሳቸው ክኒን አውጥተው በወረቀት ላይ ፈጩ፤ ለሦስቱ በየቀኑ እንዲሰጣቸው አዘዙት። ሦስቱ ዳኑ። ነሐሴ ላይ ከገደሉ ጫፍ ሲለቋቸው አባቴ ሊወስደኝ ፈለገ፤ እኔ ግን ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ እንዳላያቸው። «በሰላም በረሩ» ብሎ ሲነግረኝ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሌላ አባት ሆነ። ፀጉሬን ራሱ ያበጥርልኝ ጀመር፣ እየጎተተ፣ እያሳመመኝ። ከከተማ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወጣው የእኔን ነገር ነው፤ ቀይ ቦት ጫማ፣ ባለሥዕል እርሳስ። አንድም ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። የጎረቤት ልጆች «አባትሽ እንዴት ያለ ሰው ነው!» ሲሉኝ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ እላለሁ በልቤ፤ አራት ነፍስ ገድዬበት ይቅር ያለኝ ሰው ነው። ከእሱ በላይ የምወደው ሰው አልነበረም። አሁንም የለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አድጌ የጂኦግራፊ መምህር ሆንኩ። ስለ በረሃ ስለ ደመና አስተምራለሁ፤ ዓይን ሰው አይበላም ብሎ የሚያስብ ጭንቅላትም አለኝ። ጭንቅላቴ ሌላ፣ ሆዴ ሌላ። ልጄ የተወለደ ዕለት አዋላጇ «ወንድ ነው፣ እይው!» ብላ ስታቀርብልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደክሟት ነው አሉ። ጡት ሳጠባው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

ባለፈው ግንቦት ተማሪዎቼን ከተማ ዳር ወዳለ የአዳኝ ወፎች ማርቢያ ወሰድኳቸው። ሃያ ስድስት ልጆች እየተገፋፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። ወዲያ ማዶ ነጫጭ ጫጩቶች። የምታስረዳን ወጣት ልጅ ምን እንደሚበሉ ተናገረች፤ ድርጭት፣ አይጥ።

«እርግብስ?» አለ አንዱ ተማሪዬ።

«እርግብ በጭራሽ! እርግብ በአፉ የሚይዘው በሽታ አለ። ጫጩት ከበላው ጉሮሮው ውስጥ ቢጫ ነገር ይበቅልበታል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ በሳምንት ውስጥ ይሞታል። የድሮ ሰዎች ትኩስ እርግብ ጉልበት ይሰጣል ብለው ስንቱን ፈጁ መሰላችሁ!»

የራሴን ድምፅ ሰማሁት። «ከሰውስ ይይዛቸዋል? ጉሮሮው ከታመመ ልጅ?»

ልጅቷ ሳቀች። «ከሰው? ከየት አመጡት፣ መምህርት! ይሄ የእርግብ ነው።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼ ውሃ አመጡልኝ። ጆንያው፣ ያልመጣው ሾርባ፣ አክስቴ ወደ አባቴ ያዞረችው ፊት፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከሁሉ የከፋው ግን ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጉሮሮዋ ቆስሎ ነበር ያላት።

አባቴ አሁን ከተማ ነው የሚኖረው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻውን። በዚያው ቅዳሜ ሄድኩ። ድንች እየላጠ ነበር። ሰላምታም አልሰጠሁት።

«እርግቦቹን ለጫጩቶቹ ነው ያበላሃቸው።»

ቢላዋው ቆመ። የምን እርግብ አላለም። ቢል ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ትንሿ እየሞተች ነበር» አለ። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ስለዚያ በሽታ ያወቅኩት ኋላ ነው፣ ባይሴይት ሲጠይቁኝ ከፊታቸው አነበብኩት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። የት እንገባ ነበር?» እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። «አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ካምሻት። የሰባት ዓመት ልጅ ማንም ከሥራ አያባርርም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ መጮኼን አስታውሳለሁ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ። «ያን ቀን እሺ! ከዚያ በኋላስ? አሥር ዓመቴ ላይ? ሃያ ዓመቴ ላይ? ቁጭ አድርገህ አንቺ አይደለሽም ማለት ያን ያህል ከባድ ነው?»

«በየዓመቱ አስብ ነበር።» የድንቹን ልጣጭ ወደ ጎን ገፋ። «ግን አንቺ ይቅር እንዳለሽ ሰው አድርገሽ ነው የምትወጂኝ። እሱን ማጣት አቃተኝ።»

ስለ ልጄ ነገርኩት። አዋላጇን፣ የጨፈንኩትን ዓይን፣ ወደ ግድግዳ ያዞርኩትን ፊት። ይህን ለባሌም ተናግሬው አላውቅም።

«ስንት ቀን?» አለኝ።

«አርባ ቀን።»

አባቴ ተነሳ። ያለቅሳል ብዬ ነበር፣ አላለቀሰም። መሳቢያውን እየበረበረ አንድ አሮጌ የስልክ ማስታወሻ ደብተር አወጣ፣ መነጽሩን አጣ፣ አገኘው፣ እየተሳሳተ እየደጋገመ ደወለ። ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«ባይሴይት አጋ? ኦራዝ ነኝ። ኦራዝ! የማርቢያው።»

«ኦራዝ! ወይ ጉድ፣ አለህ እንዴ?» የሽማግሌው ድምፅ ቀጥኗል።

«አጋ፣ እርግቡን ያበላሁት እኔ ነኝ።»

«የምን እርግብ?»

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዓመቱን፣ ዘጠኙን እንቁላል፣ ሰባቱን ጫጩት፣ ጎተራውን፣ ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለሉትን አራቱን ነገራቸው። እሳቸው እህ፣ እህ ይላሉ፤ አንዱንም እንደማያስታውሱት ያስታውቅ ነበር። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እሳቸው ከናካቴው ረስተውታል። አባቴ ግን አላቆመም፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ልጄ አልነበረችም፣ አጋ። ልጄ ምንም አላደረገችም። ጉሮሮዋም ቢታመም ምንም አልነበረም። እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ ነው።»

ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁ።

«ልጅቷስ? ደህና ናት?»

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ምን ልበላቸው ብሎ መልሱን ከእኔ ይጠብቅ ጀመር።